ኧርል ሰዘርላንድ፦ የሆርሞን መልእክትና የደጋው እንቅርት

በሮቤ፣ በጎባና በዙሪያቸው ባለው የባሌ ደጋ፣ እንደ ሌሎች የኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች ሁሉ፣ ዝናብና ጎርፍ የአፈሩን አዮዲን አጥበው ስለሚወስዱ ነዋሪው ለእንቅርት የተጋለጠ ነው። ሆኖም በአዮዲን ማነስና በዕጢው ማበጥ መካከል የሆርሞን ትእዛዝ አለ። እንዲህ ያለው ትእዛዝ ከሕዋስ ሽፋን ወደ ውስጥ እንዴት እንደሚተላለፍ ያሳዩት ኧርል ሰዘርላንድ ናቸው።

ሰዘርላንድ እ.ኤ.አ. በ1915 በአሜሪካ፣ በካንሳስ ግዛት ተወለዱ። በ1942 በሴንት ሉዊስ ከሚገኘው ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ በሕክምና ተመርቀው በጦርነቱ በሐኪምነት ካገለገሉ በኋላ ወደ ካርል ኮሪ ቤተ ሙከራ ተመለሱ። የምርምራቸው ጥያቄ አድሬናሊንና ግሉካጎን በጉበት የተከማቸው ግላይኮጅን ወደ ግሉኮስ እንዲለወጥ የሚያደርጉት እንዴት ነው የሚል ነበር።

በዘመኑ ሆርሞን የሚሠራው ባልፈረሰ ሕዋስ ላይ ብቻ እንደሆነ ይታመን ነበር። ሰዘርላንድ በ1953 ወደ ክሊቭላንድ ከተዛወሩ በኋላ ከቴዎዶር ራል ጋር የጉበት ሕዋሳትን ፈጭተው ክፍሎቻቸውን ለያዩ። አድሬናሊን ከሽፋኑ ስብርባሪ ጋር ሲቀላቀል ሙቀት የማያበላሸው አንድ ትንሽ ውሁድ ተፈጠረ፤ ውሁዱ ወደ ሕዋሱ ፈሳሽ ሲጨመርም ሆርሞኑ ሳይኖር ፎስፎሪሌዝ የተባለውን ኢንዛይም አነቃ። ይህ ሳይክሊክ ኤ.ኤም.ፒ. ነው። ሆርሞኑ በደጅ ይቀራል፤ ትእዛዙን ወደ ውስጥ የሚያደርሰው ሁለተኛው መልእክተኛ ነው። አንድ ውሁድ የብዙ ሆርሞኖችን ልዩ ልዩ ሥራ ማስፈጸሙን የተጠራጠሩ ነበሩ፤ ልዩነቱ የሚመነጨው ግን እያንዳንዱ ሕዋስ ከያዛቸው ተቀባዮችና ኢንዛይሞች ነው።

ሁሉም ሆርሞን በዚህ መንገድ አይሠራም። ስቴሮይዶችና የታይሮይድ ሆርሞን ወደ ሕዋሱ ዘልቀው ከውስጥ ተቀባዮች ጋር በመጣመር የጂኖችን ሥራ ይለውጣሉ፤ ውጤታቸውም ዘግይቶ ይታያል። ሁለቱ መንገዶች በእንቅርት ይገናኛሉ። አዮዲን ሲያንስ የታይሮይድ ሆርሞን ይቀንሳል፤ ፒቱታሪ ዕጢም ታይሮይድ አነቃቂ ሆርሞንን አብዝቶ ያመነጫል። ይህ ሆርሞን በታይሮይድ ሕዋሳት ሽፋን ላይ ተጣምሮ ሳይክሊክ ኤ.ኤም.ፒ.ን ከፍ ያደርጋል፤ ሕዋሳቱም ይበዛሉ፣ ይገዝፋሉ። እብጠቱ በዓይን ይታያል፤ የከፋው ጉዳት ግን የታይሮይድ ሆርሞን ባጣ የፅንስ አእምሮ ላይ የሚደርሰው ነው።

ሰዘርላንድ በ1971 የሕክምና ኖቤል ሽልማትን ለብቻቸው ተቀብለው በ1974 አረፉ። በኢትዮጵያ በ2011 የወጣው ደንብ ለምግብ የሚውል ጨው አዮዲን እንዲጨመርበት ያዝዛል። ጨው አዮዲን ከያዘ፣ በአግባቡም ተከድኖ ከተቀመጠ፣ ሰንሰለቱ ከመነሻው ይቋረጣል፤ ሁለተኛው መልእክተኛም ዕጢውን የሚያሳብጥበት ምክንያት አይኖረውም።