ጆናታን ፖስቴልና የእርከኖች ድንበር

የኮምፒዩተር መገናኛ በየእርከኑ ተለይቶ ይሠራ ዘንድ ከደከሙት መሐንዲሶች አንዱ ዶክተር ጆናታን ፖስቴል ናቸው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1943 ዓ.ም. በካሊፎርኒያ፣ አልታዴና በተባለች ሥፍራ ተወለዱ። በሎስ አንጀለስ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ምሕንድስና ተምረው በ1974 የዶክትሬት ማዕረግ ተቀበሉ። ተማሪ ሳሉም በ1969 የአርፓኔት የመጀመሪያው ጣቢያ በዚያው ዩኒቨርሲቲ ሲተከል ከሠሩት ወጣቶች መካከል ነበሩ።

በዚያ ዘመን ቲ.ሲ.ፒ. የተባለው ፕሮቶኮል ሁለት ተግባር በአንድነት ተሸክሞ ነበር፤ ይኸውም እሽጉን ከኔትወርክ ወደ ኔትወርክ መምራትና መረጃው ሳይጎድል በተራው መድረሱን ማረጋገጥ ነው። ፖስቴል በኦገስት 1977 ባሰራጩት ጽሑፍ ይህ መደባለቅ ስሕተት መሆኑን አመለከቱ። በመንገድ ላይ ያለ መገናኛ ጣቢያ አድራሻውን አንብቦ ማሳለፍ ሲበቃው፣ በዳርና ዳር ያሉት ኮምፒዩተሮች የገቡትን ውል እንዲያውቅ መገደድ የለበትም። ድምፅ ለሚያስተላልፉት ደግሞ የጠፋው እሽግ እንደገና ተልኮ ዘግይቶ ቢደርስ ይጎዳቸው እንደ ሆነ እንጂ አይጠቅማቸውም ነበር። ስለሆነም በ1978 ፕሮቶኮሉ ለሁለት ተከፈለ፤ አይ.ፒ. መንገዱን፣ ቲ.ሲ.ፒ. አስተማማኝነቱን ያዘ። በ1980 ፖስቴል የጻፉት ዩ.ዲ.ፒ. ደግሞ ራስጌው 8 ባይት ብቻ ስለሆነ ለሚቸኩሉ ሥራዎች በር ከፈተ።

መለያየቱ ግን ዋጋ ነበረው። የአይ.ፒ. እና የቲ.ሲ.ፒ. ራስጌዎች እያንዳንዳቸው ቢያንስ 20 ባይት ስለሚይዙ፣ የአንድ ባይት ፊደል ብቻዋን ስትላክ 41 ባይት ትሆናለች። ፖስቴል አዘጋጅተው በ1981 ባወጡት የቲ.ሲ.ፒ. ደንብም ድንበሩ በአንድ ቦታ ሆን ተብሎ ታልፏል፤ ስሕተት መቆጣጠሪያው ድምር የታችኛውን እርከን አድራሻዎች ጨምሮ ይሰላል። ይህም ወደማይገባው ኮምፒዩተር የደረሰ እሽግ ሳይታወቅ እንዳይቀር ነው። በኋላ የመጡት አድራሻ ለዋጭ መሣሪያዎች ግን አድራሻውን በለወጡ ቁጥር ድምሩንም ማስተካከል ግዴታ ሆነባቸው።

ፖስቴል ለረዥም ዓመታት ባዘጋጁት ተከታታይ ሰነድ ውስጥ የዴቪድ ክላርክ ጽሑፍ በ1982 ወጣ። ጽሑፉ እርከኖቹ በፕሮግራም ውስጥ እንደ ግድግዳ ከቆሙ ፍጥነት እንደሚጎድል ያስረዳ ነበር። የእርከን ሥርዓት አሳቢው ሰነድ አዘጋጅ ሆነው ሳለ የሥርዓቱም ጉድለት በዚያው ሰነድ ተመዘገበ።

አርፓኔት በጃንዋሪ 1 ቀን 1983 ወደ አዲሱ ፕሮቶኮል ተዛወረ። ፖስቴል በኦክቶበር 16 ቀን 1998 በሎስ አንጀለስ በ55 ዓመታቸው አረፉ። ለሙያው የተዉትም ትምህርት ድንበርን በምክንያት ማበጀት፣ ማለፍ ግድ ሲሆንም ምክንያቱን አውቆ ማለፍ ነው።