አልኸዋሪዝሚ፦ ከሚራስ ክፍፍል እስከ ልጆቻችን የሒሳብ ደብተር



በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ ሰባተኛ ወይም ስምንተኛ ክፍል የሚማር ልጅ ያላችሁ ወላጆች ይህን ታውቁታላችሁ። ልጁ ማታ የሒሳብ የቤት ሥራውን ይከፍታል፤ ኤክስን ፈልግ የሚለው ጥያቄ ላይ ሲደርስ ግን እርሳሱን ያስቀምጣል። እስከ ስድስተኛ ክፍል በአማርኛ ሲማር ቆይቶ ከሰባተኛ ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሚሆን ቋንቋውም ምልክቱም አንድ ላይ ይከብዱታል። ወላጅም የፈረንጅ ትምህርት ነው ብሎ ይተወዋል። በማስተማር ሥራ ላይ በነበርንባቸው ዓመታት ብዙ ጎበዝ ልጆች እዚህች ቦታ ላይ ተስፋ ሲቆርጡ አይተናል። ስለዚህ ዛሬ አልጀብራን በራሱ ስም መጽሐፍ አድርጎ የጻፈውን ሰው ታሪክ ልናካፍላችሁ ወደድን።

ስሙ ሙሐመድ ኢብኑ ሙሳ አልኸዋሪዝሚ ነው። የተወለደው በ780 እ.ኤ.አ. አካባቢ ነው። አልኸዋሪዝሚ የሚለው መጠሪያው ኸዋሪዝምን ያመለክታል፤ ከአራል ባሕር በስተደቡብ የሚገኝ፣ ዛሬ በኡዝቤኪስታንና በቱርክሜኒስታን የተከፈለ አገር ነው። ሥራውን የሠራው ግን በባግዳድ ነው። ባግዳድ በኸሊፋ አልመንሱር የተቆረቆረችው በ762 ስለሆነ እሱ ሲወለድ ገና የሃያ ዓመት ያህል ዕድሜ ያላት አዲስ ከተማ ነበረች።

ከ813 እስከ 833 የገዛው ኸሊፋ አልመእሙን ዒልምን የሚወድ ሰው ነበር። በዘመኑ በይተል ሒክማ፣ ማለትም የጥበብ ቤት፣ የምሁራን መሰብሰቢያ ሆነ። የግሪክ፣ የፋርስና የሕንድ መጻሕፍት ወደ ዐረብኛ ይመለሱ ነበር። አልኸዋሪዝሚም በዚያ ሒሳብን፣ የከዋክብትን ትምህርትና ጂኦግራፊን ያጠና ነበር። የምድርን ቦታዎች አቀማመጥ የዘረዘረበት መጽሐፉ በ1037 የተገለበጠ ቅጂ እስከ ዛሬ አለ፤ በውስጡም የዓባይ ወንዝ ካርታ ይገኛል።

ስሙን ያስጠራው ሥራ ግን ስለ ጀብርና ሙቃበላ ሒሳብ የጻፈው አጭር መጽሐፍ ነው። አላህን አመስግኖ ከጀመረ በኋላ ኸሊፋው እንዳበረታታው ይገልጻል። የጻፈበትንም ምክንያት ይናገራል፦ ሰዎች በውርስና በኑዛዜ፣ በንግድና በክርክር፣ መሬት ሲለኩና ቦይ ሲቆፍሩ የሚያስፈልጋቸውን ሒሳብ ለማቅለል ነው። ከመጽሐፉ ግማሽ ያህሉ ስለ ወሲያና ሚራስ ነው።

ከሱ በፊት ባቢሎናውያንና ግሪኮች መሰል ጥያቄዎችን ይፈቱ ነበር። የሱ ድርሻ የተበታተነውን ሰብስቦ፣ ስድስት ዓይነት ጥያቄዎችን ለይቶ፣ የእያንዳንዱን አፈታት ደረጃ በደረጃ አስቀምጦ ራሱን የቻለ ትምህርት ማድረጉ ነው። አንዳንዶቹንም አራት ማዕዘን እየሣለ ትክክል መሆናቸውን አረጋግጧል።

ጀብር ማለት የተሰበረን መጠገን፣ የጎደለን መመለስ ነው። ወጌሻ የተሰበረ አጥንት ሲመልስ የሚሠራውም ሥራ በዐረብኛ ጀብር ይባላል። ከአንድ ቁጥር 12 ተቀንሶ 30 ከቀረ፣ የጎደለውን 12 በሁለቱም ወገን እንመልሳለን፤ ቁጥሩ 42 ይሆናል። ጀብር ይኸው ነው። ሙቃበላ ደግሞ ሁለቱን ወገኖች አፋጥጦ እኩል የሆነውን ከሁለቱም ማንሳት ነው።

የሚገርመው ነገር፣ በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ኤክስ የለም፤ የመደመርና የእኩል ይሆናል ምልክትም የለም። ሁሉም በቃላት የተጻፈ ነው። ያልታወቀውን ቁጥር አልኸዋሪዝሚ ሸይእ ይለዋል፤ ነገር ማለት ነው። እንግዲህ እኛም በሱ መንገድ አንድ የሚራስ ጥያቄ እንሥራ።

አንድ አባት አንድ ወንድና ሁለት ሴት ልጆች ብቻ ትቶ ሞተ እንበል። ዕዳውና ወሲያው ከተፈጸመ በኋላ 240,000 ብር ተረፈ። በሸሪዓው የወንድ ልጅ ድርሻ የሁለት ሴት ልጆችን ያህል ነው። የአንዷን ሴት ልጅ ድርሻ ሸይእ እንበለው። ሴቶቹ አንድ አንድ ሸይእ፣ ወንዱ ሁለት ሸይእ ይወስዳሉ። አራት ሸይእ 240,000 ብር ከሆነ አንዱ ሸይእ 60,000 ብር ነው። ለእያንዳንዷ ሴት 60,000፣ ለወንዱ 120,000 ብር ይደርሳል። ይህን ማስላት የሚችል ሰው በሌለበት ቤት የእህት ወይም የየቲም ሐቅ በቀላሉ ይጠፋል።

አሁን ወደ ልጃችን ደብተር እንመለስ። አንድ ተማሪ በሦስት ፈተና 70፣ 80 እና 72 አገኘ። የአራቱ ፈተና አማካይ ውጤቱ 75 እንዲሆን በአራተኛው ስንት ያስፈልገዋል? አማካዩ 75 ከሆነ የአራቱ ድምር 300 መሆን አለበት። ሦስቱ 222 ናቸው። ስለዚህ 222 እና ሸይእ 300 ይሆናሉ። ከሁለቱም ወገን 222 ሲነሳ ሸይእ 78 ነው። ሙቃበላ ማለት ይህ ነው። ልጁ የፈራው ኤክስ ከዚህ ሸይእ የተለየ ነገር አይደለም።

አልኸዋሪዝሚ በሕንድ ቁጥሮች ስለ ማስላትም ጽፏል። የዐረብኛው ቅጂ ቢጠፋም በ12ኛው ክፍለ ዘመን ወደ ላቲን ተመልሶ፣ ዜሮ ያለበት የዛሬው አቆጣጠር በአውሮፓ እንዲስፋፋ ረድቷል። የጀብር መጽሐፉንም በ1145 የቼስተሩ ሮበርት በስፔን ወደ ላቲን መለሰው። ላቲኖቹ ስሙን አልጎሪትሚ ብለው ጻፉት፤ በስልካችን ላይ ቪዲዮ የሚመርጥልን አልጎሪዝም የተጠራው በሱ ስም ነው። አልጀብራ የሚለው ቃልም ከመጽሐፉ ርዕስ የተወሰደ ነው።

አልኸዋሪዝሚ በ850 አካባቢ ከዚህ ዓለም ተለየ። አላህ ይዘንለት።

ውድ ወላጆች! አልጀብራን የጻፈው ሙስሊም ነው ብሎ መኩራራት ለልጁ የቤት ሥራውን አይሠራለትም። እንግሊዝኛው ቢከብዳችሁም ዛሬ ማታ አጠገቡ ተቀመጡና ጥያቄውን በአማርኛ እንዲነግራችሁ ጠይቁት። ያልታወቀው ነገር ምንድን ነው? ምን ጎደለ? በሁለቱም ወገን ያለው የትኛው ነው? እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ለመጠየቅ ሒሳብ አዋቂ መሆን አያስፈልግም። የመድረሳ ኡስታዞቻችንም ፈራኢድን ሲያስተምሩ ከትምህርት ቤቱ ደብተር ጋር ቢያያይዙት፣ ልጆቻችን ሁለቱ አንድ ዒልም መሆናቸውን ያያሉ፤ ኢንሻአላህ።

ወላሁ አዕለም።