ባሕር እኩል አይሸከምም፤ ኢንጂነር ብሩኔልና መርከቦቹ

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው እንላለን። ተረቱ እውነት የሚሆነው ግን ሎሚው ለሁሉም እኩል ሲደርስ ነው። አርባው ለሁለት ሰው ተጭኖ ሌሎቹ ቀለል ያለውን ከያዙ፣ ድምሩ ያው ሃምሳ ቢሆንም የሁለቱ ወገብ ይቆረጣል። የመርከብም ነገር እንደዚሁ ነው። ይህን ጠንቅቀው ከተረዱት አንዱ እንግሊዛዊው መሐንዲስ ኢዛምባርድ ኪንግደም ብሩኔል ነበር።

ብሩኔል እ.ኤ.አ. በ1806 በፖርትስመዝ ተወለደ። አባቱ ማርክ ብሩኔል ፈረንሳዊ መሐንዲስ ሲሆን በ1821 ዕዳ መክፈል አቅቶት ወኅኒ ወርዷል። ልጁ ያኔ 15 ዓመቱ ነበር። አድጎ ለንደንን ከብሪስቶል የሚያገናኘውን የባቡር ሐዲድ ሠራ፤ ፊቱንም ወደ ባሕር አዞረ።

የመርከብ ጠቅላላ ክብደትና ውኃው ወደ ላይ የሚገፋበት ኃይል እኩል ናቸው። በየቦታው ሲታይ ግን እኩል አይደሉም። ሞተርና ከሰል በተከመረበት ክብደቱ ይበዛል፤ ፊቱና ኋላው ቀጭን ስለሆኑ ውኃው እዚያ የሚሰጠው ድጋፍ ትንሽ ነው። ማዕበል መሐሉን ከፍ ሲያደርገው ሁለቱ ጫፎች ድጋፍ አጥተው ወደ ታች ያዘነብላሉ፤ መርከቡ ይጎብጣል፣ የላይኛው ወለል ይለጠጣል፣ የታችኛው ይጨመቃል። ማዕበሉ ወደ ሁለቱ ጫፎች ሲሄድ ደግሞ መሐሉ ይረግባል፤ ያኔ የታችኛው ይለጠጣል፣ የላይኛው ይጨመቃል። መርከቡ በረዘመ ቁጥር ጫናው ይብሳል። የእንጨት መርከብ ከተወሰነ ርዝመት ማለፍ ያልቻለው በዚህ ምክንያት ነው።

ብሩኔል በ1838 አትላንቲክን ያቋረጠውን "ግሬት ዌስተርን" የተባለ የእንጨት መርከብ በብረት አጠናከረው። በ1843 ወደ ውኃ የወረደው "ግሬት ብሪተን" አካሉ ከብረት የተሠራ ነበር። በ1846 አየርላንድ ዳርቻ ላይ አሸዋ ይዞት አንድ ዓመት ሊሞላው ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ማዕበል ሲመታው ከርሞ አልተሰበረም።

የመጨረሻው "ግሬት ኢስተርን" 211 ሜትር ይረዝም ነበር። ብሩኔል እንደ ድልድይ ቆጥሮ ነደፈው። ብረቱን በርዝመቱ አቅጣጫ ዘረጋ፣ ታችኛውን አካል ድርብ አደረገ፣ የላይኛውንም ወለል በዚያው መልክ አጠናከረ።

ብረቱን ቦታ በቦታ ያሰላው ሰው ውሉን ግን በጥቅል ድምር ተቀበለ። ራሱ 500,000 ፓውንድ ይፈጃል ብሎ የገመተውን ሥራ የመርከብ ሠሪው የጆን ስኮት ራስል ድርጅት በ377,200 ፓውንድ እሠራለሁ ሲል ተስማማ። በወረቀት ላይ ሒሳቡ ያምራል፤ ሸክሙ ግን በአንድ ትከሻ ላይ አርፏል። ድርጅቱ በ1856 ከሰረ። ቀሪው ጣጣ በብሩኔል ላይ ወደቀ። መርከቡን ከየብስ ወደ ውኃ ማውረድ ብቻ ከኅዳር 1857 እስከ ጥር 1858 ሦስት ወር ገደማ ፈጀ። መስከረም 1859 ብሩኔል እዚያው መርከቡ ላይ ሳለ ራሱን ስቶ ወደቀ። ከቀናት በኋላ በሙከራ ጉዞ ላይ ፍንዳታ ደርሶ ሠራተኞች ሞቱ። መስከረም 15 ቀን እሱም በ53 ዓመቱ አረፈ።

መርከቡ ግን በ1862 ኒውዮርክ አቅራቢያ ከአለት ተጋጭቶ ውጪኛው አካሉ 25 ሜትር ያህል ሲቀደድ፣ የውስጠኛው ይዞለት በራሱ ኃይል ወደብ ገባ። በ1866ም የአትላንቲክን የቴሌግራፍ ገመድ ዘረጋ።

ብሩኔል የታገለው ጫና ዛሬም አለ። በ2013 "ኤም ኦ ኤል ኮምፈርት" የተባለ የኮንቴይነር መርከብ ሕንድ ውቅያኖስ ላይ ወገቡ ተቆርጦ ለሁለት ተከፈለ፤ 26ቱም ሠራተኞች ተርፈዋል። መርከብም ሆነ ውል፣ ድርጅትም ሆነ ሰው፣ ድምሩ ስለተስተካከለ ብቻ አይጸናም። መጠየቅ ያለበት ሸክሙ የት ላይ እንዳረፈ ነው።