የእስክንድር በር፣ ቁጥር 14

ይህን የምጽፈው አትላስ፣ ከቢሯችን ሥር ካለው ካፌ ቁጭ ብዬ ነው። ፊት ለፊቴ ያለው ወንበር ባዶ ነው። ከሦስት ወር በፊት ቢሆን ኖሮ ጓደኛዬ እዚያ ተቀምጦ፣ ማኪያቶው እየቀዘቀዘበት፣ ሶፍት ላይ የአስተናጋጇን እጅ ይሥል ነበር። አሁን ፓሪስ ነው። አብረን ሄድን፣ እኔ ተመለስኩ፣ እሱ ቀረ። ቀረ የሚለው ቃል እኛ ሀገር ምን ያህል እንደሚከብድ እናንተም ታውቁታላችሁ።

ስለ እሱ ለመጻፍ አልነበረም ሐሳቤ። ልጽፍ የፈለግኩት ስለ ሠዓሊው እስክንድር ቦጎሲያን ነው። ግን ሁለቱ ጭንቅላቴ ውስጥ ተጣብቀውብኛል፤ ልለያቸው ብሞክርም አልሆነልኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔና ጓደኛዬ ለሦስት ሳምንት የዲዛይን ሥልጠና ፓሪስ ተላክን። ከመሄዳችን በፊት ያገኘኝ ሰው ሁሉ ስለ ሥልጠናው አንድም ነገር አልጠየቀኝም። አክስቴ ጋቢ መያዜን ደጋግማ ታረጋግጣለች። በሰኔ ለሚደረግ የሦስት ሳምንት ጉዞ ጋቢ ምን ያደርግልኛል እያልኩ ቆይቼ፣ ለካ እሷ የምታስበው ስለሚመጣው የአውሮፓ ክረምት ነው! የገባኝ ቦሌ ከደረስኩ በኋላ ነበር።

የመጨረሻው ቅዳሜ ነፃ ቀን ነበረን። ፓሪስ ውስጥ የሠዓሊዎች ሰፈር ሲባል ቱሪስት ሁሉ የሚሮጠው ወደ ሞንማርትር ኮረብታ ነው። እኛም ሄደናል፣ ፎቶ ተነስተናል፣ ሰው በሰው ላይ ነው። ጓደኛዬ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አንድ ሌላ አድራሻ ስልኩ ላይ ምልክት አድርጎ ይዞ ነበር። ሥዕል ትምህርት ቤት ሳለ ከአስተማሪው የሰማውን አድራሻ ነው። ሞንፓርናስ፣ ግራንድ ሾሚዬር መንገድ፣ ቁጥር 14።

በ4 ቁጥር ሜትሮ ሄደን ቫቫን የሚባለው ጣቢያ ወረድን። ከመሬት ውስጥ ብቅ ስትሉ ሮዳን የሠራው የደራሲው ባልዛክ ሐውልት ካባውን ተከናንቦ ቆሟል። ዙሪያውን እነዚያ ስመ ጥር ካፌዎች አሉ፦ ዶም፣ ሮቶንድ፣ ሴሌክት፣ ኩፖል። ከመቶ ዓመት በፊት የሞንማርትር ኑሮ የተወደደባቸው ሠዓሊዎች ወደዚህ ወርደው የሰፈሩት ቤት ርካሽ ስለነበረ ነው። የሮቶንድ ባለቤት የነበረው ሰውዬ ገንዘብ የሌላቸው ሠዓሊዎች በአንድ ቡና ቀኑን ሙሉ እንዲቀመጡ ይፈቅድ፣ ሲያጡም በሂሳብ ፈንታ ሥዕል ይቀበል ነበር ይባላል። እስቲ አትላስ ላይ ሞክሩት! ዛሬ ግን እዚያም ቢሆን ያ ዘመን አልፏል። የሜኑውን ዋጋ ከውጭ ቆመን አንብበን፣ በብር አባዝተን፣ መንገዳችንን ቀጠልን።

ግራንድ ሾሚዬር አጭር መንገድ ናት፤ በእኛ አነጋገር ቅያስ ብትባል ይቀላል። ቁጥር 8 ላይ ጣሊያናዊው ሞዲልያኒ በመጨረሻዎቹ ዓመታቱ ኖሮበታል፤ እ.ኤ.አ. በ1920 በ35 ዓመቱ በድህነትና በሳምባ በሽታ ሲሞት የሥዕሎቹን ዋጋ ማን ገመተ? ጥቂት በሮች አለፍ ብሎ ቁጥር 14 አለ። እ.ኤ.አ. በ1904 የተከፈተ የሥዕል ቤት ነው። የመግቢያ ፈተና የለው፣ ዲፕሎማ አይሰጥ። በር ላይ ለሰዓቱ ትከፍላላችሁ፣ ገብታችሁ ባገኛችሁት በርጩማ ላይ ትቀመጣላችሁ፣ መሐል የቆመውን ሞዴል ትሥላላችሁ። በቃ።

እስክንድር ወደዚህ በር የመጣው በ20 ዓመቱ ገደማ ነው።

የተወለደው አዲስ አበባ፣ ሐምሌ 1929 ዓ.ም. ነው። የየካቲት 12 ጭፍጨፋ ከተፈጸመ ገና አምስት ወር ገደማ ነበር። አባቱ የአርመን ዘር ያለው የክብር ዘበኛ መኮንን፣ እናቱ ኢትዮጵያዊት። አባቱን ጣሊያኖች አሰሩት፤ እስክንድርና እህቱ አጎታቸው ዘንድ አደጉ። ፊደል የቆጠረው ቄስ ትምህርት ቤት ነው፤ ግዕዝም እዚያው ቀምሷል። ከዚያ ተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ገባ። ሥዕሉን ደግሞ ከመደበኛው ክፍል ውጭ፣ ስታኒስላቭ ሆይናትስኪ ከሚባለው የኢትዮጵያን ጥንታዊ ሥዕል ሲያጠና ከኖረ ፖላንዳዊ ተማረ። የቄስ ትምህርት ቤቱ ነገር እዚህ ላይ ይያዝልኝ፣ በኋላ እመለስበታለሁ።

የንጉሠ ነገሥቱ 25ኛ ዓመት የዘውድ በዓል ሲከበር በተደረገው የሥዕል ውድድር ልጁ ሁለተኛ ወጣ። ብዙም ሳይቆይ መንግሥት ወደ አውሮፓ ላከው። መጀመሪያ ለንደን፣ ሁለት ዓመት፤ ቀጥሎ ፓሪስ። ፓሪስ ላይ ዘጠኝ ዓመት ቆየ፤ ቁጥር 14 ውስጥ ተምሯል፣ አስተምሯልም።

የዚያን ጊዜዋ ፓሪስ ለአንድ የአዲስ አበባ ልጅ ምን እንደነበረች አስቡት። ቅኝ ግዛቶች አንድ በአንድ ነፃ የሚወጡበት ዘመን ነው። ከሴኔጋል፣ ከማርቲኒክ፣ ከአሜሪካ የመጡ ጥቁር ጸሐፊዎች፣ ሙዚቀኞችና ሠዓሊዎች የሚገናኙባት ከተማ ናት። የሼክ አንታ ዲዮፕ የታሪክ ክርክር አለ፣ ጃዝ አለ፣ ሕልምን በሸራ ላይ የሚያፈስሱት የሱሪያሊስቶቹ ሥራ አለ። እስክንድር ከሁሉም ቀዳ። ከኩባዊው ዊፍሬዶ ላም፣ ከቺሊያዊው ማታ፣ ከፖል ክሌ ሥዕሎች ብዙ ተምሯል።

የሚገርመኝ ግን ይኼ ነው። ሞንፓርናስ ድረስ ሄዶ ያገኘው ነገር የቄስ ትምህርት ቤቱን ልጅ ነው። ሥዕሎቹን ስታዩ ክታብ ታያላችሁ። ጠልሰም ላይ ያሉት እነዚያ አፍጥጠው የሚያዩ ዓይኖች፣ የብራና ጥቅልል፣ ክንፍ ያለው የማይታወቅ ፍጥረት፣ ጨለማ ውስጥ የሚበራ ቀለም። እ.ኤ.አ. በ1964 የሠራው ዘ ጁጁስ ዌዲንግ ሸራ እንኳ አይደለም፤ የተቆራረጠና የተቀደደ ካርቶን ላይ የተሠራ ነው። ካርቶኑ ኒው ዮርክ ገብቶ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየሙ በ1966 ገዝቶታል። ከዚያም ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ የፓሪሱ ብሔራዊ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም አንድ ሥራውን ገዝቷል፤ ከዘመኑ አፍሪካውያን ሠዓሊዎች ለዚህ የመጀመሪያው እሱ እንደሆነ ይነገርለታል። ያኔ 26 ዓመቱ ነው። እኔ በ26 ዓመቴ ምን እሠራ እንደነበር ባልናገር ይሻላል።

እንግዲህ ፓሪስ ሥዕሉን የገዛችለት፣ ኒው ዮርክ የምትጠብቀው ሠዓሊ በዚያው በ1966 ምን አደረገ? ተመለሰ። አዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ገብቶ አስተማረ። ከጀርመን የተመለሰው ገብረ ክርስቶስ ደስታም እዚያው ያስተምር ነበር። እነዚህ ሁለት ሰዎች በአንድ ግቢ የነበሩባቸው ጥቂት ዓመታት ለእኔ የዘመናዊ ሥዕላችን ወርቃማ ጊዜ ናቸው፤ የማይስማማ ካለ ይከራከረኝ። በ1967 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ሽልማት አገኘ።

ከዚያ ደግሞ ሄደ። ሦስት ዓመት ገደማ አስተምሮ ወደ አሜሪካ አቀና። ብዙም ሳይቆይ አብዮቱ መጣ፤ የሚያውቃት አዲስ አበባ ሌላ ከተማ ሆነች። ዋሽንግተን የሚገኘው ሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ ወደ ሠላሳ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ አስተማሪው አደረገው። ፊደልን እያጣመመና እያስጨፈረ የሚሥለው ወሰኔ ወርቄ ኮስሮፍ ሐዋርድ ላይ የእሱ ተማሪ ነበር። ስለዚህ እስክንድር ሀገሩን ተወ ልበል ብል አፌ እሺ አይለኝም። አልተወም ልበል ብልም፣ ስድስት ኪሎ የገብረ ክርስቶስን ስም የያዘ ሙዚየም እያለ፣ ታላላቆቹን የእስክንድርን ሥራዎች ለማየት ዛሬም ቪዛ የሚያስፈልገን እኛ ነን።

ይህንን ሁሉ ቁጥር 14 በር ላይ ቆመን ነው የተከራከርነው። እኔ መመለሱን አነሳለሁ፤ ጓደኛዬ ዳግመኛ መሄዱን ያነሳል። እኔ 1966 እላለሁ፣ እሱ 1970 ይላል። ድምፃችን ከፍ ብሎ ኖሮ አንዲት አሮጊት ዞር ብለው አዩን። ስለ እስክንድር እየተጨቃጨቅን እንዳልነበረ ያኔም ሁለታችንም እናውቅ ነበር። በማግስቱ እሑድ ነው፤ ትኬታችን የማታ ነው።

ከፍለን ገባን። ውስጡ የቀለም ሽታ፣ በእድሜ የጠቆረ እንጨት፣ የእርሳስ ኮሽኮሽታ ብቻ። የእስክንድርን ስም የያዘ ነገር ግድግዳው ላይ ብፈልግ አላየሁም። ሞዴሉ በየጥቂት ደቂቃው አቋሙን ይቀይራል፤ እኔ ጭንቅላቱን ሳልጨርስ እሱ ሌላ ሰው ሆኖ ይቆማል። ሦስት ወረቀት አበላሽቼ እርሳሴን አስቀመጥኩ። ጓደኛዬን አየሁት። ወረቀቱን እንኳ አያይም። ዓይኑ ሞዴሉ ላይ ተተክሎ እጁ ብቻውን ይሄዳል። አምስት ዓመት አብሬው ስሠራ፣ ለሳሙና ማስታወቂያና ለሠርግ ካርድ ጎንበስ ብሎ ሲያመሽ፣ እንዲያ ያለ ፊት አይቼበት አላውቅም።

እሑድ ማታ ኤርፖርት የሸኘኝ እሱ ነው። ሻንጣ አልያዘም። ምንም አልጠየቅኩትም። ጋቢዬን ከሻንጣዬ አውጥቼ ሰጠሁት፤ አክስቴ ይህንን እስካሁን አታውቅም።

እስክንድር እ.ኤ.አ. ግንቦት 4 ቀን 2003 ዋሽንግተን ውስጥ አረፈ፤ 65 ዓመቱ ነበር። ከመሞቱ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ ከተማሪው ከከበደች ተክለአብ ጋር በአሉሚኒየም አንድ ትልቅ ሥራ ሠርቶ ጨርሷል። ኔክሰስ ይባላል፤ መገናኛ፣ መጋጠሚያ እንደ ማለት ነው። የተተከለውም ዋሽንግተን በሚገኘው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ነው። ለፓስፖርትም ሆነ ለሌላ ጉዳይ ኤምባሲው የሚሄድ ሐበሻ ያገኘዋል። እዚያ ዘመድ ያላችሁ ፎቶ እንዲልኩላችሁ ጠይቋቸው።

ስልኬ ላይ ያለው ፎቶ ግን የኔክሰስ አይደለም። ጓደኛዬ ትናንት ማታ የላከው የእርሳስ ሥዕል ነው። ባዶ ወንበር፣ ጠረጴዛ፣ የቀዘቀዘ ማኪያቶ፤ ከመስኮቱ ባሻገር የአትላስ አስፋልት። ሥሩ ላይ በአማርኛ ቁጥር 14 ብሎ ጽፎበታል። ሰማያዊዎቹ ሁለት ምልክቶች እንዳየሁለት ነግረውታል። መልሱን ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስቴም አጠፋሁት።