ልጅ በላይ ዘለቀ እና የጋራ መከላከያ ጥያቄ፦ ከብቸና የታየ ሕይወት

የልጅ በላይ ዘለቀ ሕይወት ብዙ ጊዜ የሚተረከው እንደ ጀግና ገድል ወይም እንደ ፍትሕ መጓደል ታሪክ ነው። ይህ አጭር ጽሑፍ ሁለቱንም ሳይክድ ሕይወቱን በሌላ ጥያቄ በኩል ይመለከታል። የየራሳቸው ሥልጣን ያላቸው ወገኖች የጋራ ጠላት ሲመጣባቸው አንዱ ለሌላው ምን ግዴታ አለበት? ጥያቄው ዛሬም አውሮፓን ያከራክራል። የአውሮፓ ኅብረት ውል አንድ አባል አገር ሲጠቃ ሌሎቹ እንዲረዱት ያዛል፤ እንደ አየርላንድና ኦስትሪያ ያሉትን ገለልተኛ አገሮች ልዩ አቋም ግን አይነካም። ፊንላንድና ስዊድን ደግሞ በአውሮፓ አቈጣጠር በ2023 እና በ2024 የቆየ አቋማቸውን ትተው የሰሜን አትላንቲክ የጦር ቃል ኪዳን አባል ሆነዋል። ብቸናና ሞጣ ይህን ጥያቄ በአርበኝነት ዘመን በራሳቸው መልክ ኖረውበታል። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ በኢትዮጵያ አቈጣጠር ናቸው።

በላይ የተወለደው በ1904 ዓ.ም. ገደማ ነው። አባቱ ባሻ ዘለቀ ላቀው የብቸና ሰው ሲሆኑ፣ እናቱ ወይዘሮ ጣይቱ አሰኔ ከወሎ ጫቀታ ነበሩ። አባቱ ከአካባቢው ሹማምንት ጋር ተጋጭተው በመገደላቸው በላይና ወንድሙ እጅጉ ቂም ይዘው አደጉ። ጣልያን ከመግባቱ አስቀድሞም በላይ ሸፍቶ ነበር። ስለዚህ በ1928 ዓ.ም. ጠላት ሲመጣ ያገኘው የቤተ መንግሥት ሹመት ወይም የመሳፍንት ዘር የነበረውን ሰው ሳይሆን በሰው ኃይልና በቆላው ምሽግ ብቻ የሚተማመነውን ሰው ነው።

ያ ዓመት ኢትዮጵያ በጋራ ደኅንነት ላይ የጣለችው እምነት የከሸፈበት ዓመት ነበር። አገሪቱ በመስከረም 1916 ዓ.ም. የመንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን፣ የማኅበሩ ቃል ኪዳን የአንዱን አባል ዳር ድንበር ሌሎቹ እንዲጠብቁለት ያስገድድ ነበር። ወረራው መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ሲጀመር ግን በጣልያን ላይ የተጣለው ማዕቀብ ነዳጅን ሳይጨምር ቀረ፤ በሐምሌ 1928 ዓ.ም. ደግሞ ጭራሹን ተነሣ። በገለልተኝነቷ የምትታወቀው ስዊዘርላንድ የጦር መሣሪያ ሽያጭን በአጥቂውም በተጠቂውም ላይ እኩል አገደች፤ በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. የጣልያንን የበላይነት በኢትዮጵያ ላይ ዕውቅና ሰጠች፤ በግንቦት 1930 ዓ.ም. ደግሞ ከማኅበሩ የማዕቀብ ግዴታ ነጻ መሆኗ ተረጋገጠላት። እኩል የሚመስለው እገዳ የጎዳው የራሱ የመሣሪያ ፋብሪካ ያልነበረውን ወገን ነው።

የጄኔቫው ቃል ኪዳን ሲፈርስ መከላከሉ በየአውራጃው ሰዎች ትከሻ ላይ ወደቀ። በጎጃም ሰፊው ዐመፅ በ1930 ዓ.ም. ሲቀጣጠል አራት ዋና ዋና መሪዎች ጎልተው ወጡ። በሞጣ በኩል ልጅ ኃይሉ በለው፣ በቡሬ በኩል ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ፣ በምዕራብ ደጃዝማች መንገሻ ጀንበሬ፣ በብቸና ደግሞ በፈረስ ስሙ አባ ኮስትር የሚባለው በላይ ነበሩ። ኃይሉና ነጋሽ የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት የልጅ ልጆች ሲሆኑ፣ በላይ ግን ራሱን በራሱ ያወጣ መሪ ነበር። በያዘው አገር ያስተዳድርና ይዳኝ፣ ለተከታዮቹም ማዕረግ ይሰጥ ነበር። በአንጻራዊ ሁኔታ እያንዳንዱ መሪ እንደ ትንሽ ሉዓላዊ መንግሥት ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። ጠላታቸው አንድ ቢሆንም በመካከላቸው የሚያስተባብር አካልም ሆነ የታወቀ ስምምነት አልነበረም። በእንግሊዛዊው ኮሎኔል ሳንድፎርድ አደራዳሪነት መንገሻና ነጋሽ በመስከረም 1933 ዓ.ም. ሲስማሙ በላይ የዚያ ውል ተካፋይ አልነበረም።

የዚህ ጉድለት ዋጋ የታየው በዓባይ በረሃ ነው። በመጋቢት 1933 ዓ.ም. መጨረሻ የኮሎኔል ማራቬንታኖ ጦር ደብረ ማርቆስን ለቅቆ ወደ ዓባይ ሲያፈገፍግ መሻገሪያውን ይዘጋል ተብሎ የታሰበው በላይ ነበር፤ ጦሩ ግን ተሻገረ። በጊዜው በስፍራው የነበሩ የእንግሊዝ መኮንኖች እንደ ጻፉት፣ ከጣልያን ጋር ያበሩት ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት ልጃቸውን ሊድሩለት ቃል ገብተው በላይን አዘግይተውታል። እነዚህ መኮንኖች የራሳቸውን ዕቅድ መክሸፍ የሚያስረዱ ሰዎች በመሆናቸው ምስክርነታቸው በጥንቃቄ መነበብ አለበት። ነገሩ እንደተባለው ቢሆን እንኳ ትርጉሙን መመርመር ይገባል። ለተክለ ሃይማኖት የልጅ ልጆች ማዕረግ በትውልድ የመጣ ነው፤ ለበላይ ግን ያ ጋብቻ ከጦርነቱ በኋላ የሚኖረው ቦታ ብቸኛ ዋስትና መስሎ ሊታየው ይችል ነበር። ሆኖም መዘግየቱ የብቸና ጉዳይ ብቻ ሆኖ አልቀረም። ያመለጠው ጦር ወሎ ውስጥ አጅባር ላይ እጁን የሰጠው ተጨማሪ ውጊያ ከተደረገ በኋላ፣ በግንቦት 1933 ዓ.ም. ነው።

ከነጻነት በኋላ በላይ ደጃዝማች ተብሎ በብቸና ተሾመ። ይሁን እንጂ ለአምስት ዓመት የበላይ አዛዥ ያልነበረበት ሰው በማዕከላዊው አስተዳደር ሥር መግባት ከበደው፤ አስተዳደሩም ያለፈ ሥልጣኑን በምን እንደሚተካለት አልወሰነም። በ1935 ዓ.ም. በሶማ ምሽጉ ተከብቦ ከተዋጋ በኋላ ተያዘ። የተፈረደበት ሞት ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ቢለወጥለትም ከእስር አምልጦ እንደገና ተያዘ፤ በጥር 1937 ዓ.ም. ከወንድሙ ከእጅጉ ጋር በአዲስ አበባ በስቅላት ተቀጣ። አብሯቸው የተሰቀለው ማሞ ኃይሉ ከጣልያን ጋር የሠራ የራስ ኃይሉ ልጅ ነበር። ስለዚህ አርበኛውና ባንዳው በአንድ ቀን አንድ ዓይነት ቅጣት ተቀበሉ።

ከዚህ ሕይወት የሚገኘው ትምህርት የጋራ መከላከያ ሁለት ምሰሶዎች እንዳሉት ነው። አንደኛው የጎረቤትን ጥቃት እንደ ራስ ጥቃት ማየት ሲሆን፣ ሁለተኛው ከድል በኋላ የእያንዳንዱ ድርሻ ምን እንደሚሆን አስቀድሞ መስማማት ነው። ጄኔቫ የወደቀው የመጀመሪያው ስላልነበረው ነው። በብቸና የመጀመሪያው ለዓመታት በደም ተከፍሎበታል፤ ሁለተኛው ግን ከመነሻው አልነበረም፤ በዓባይ በረሃ የታየው መላላትም ከዚያ ተለይቶ ሊታይ አይችልም። በ1960 ዓ.ም. በእርሻ ገቢ ግብር ምክንያት ሞጣና ብቸና በድጋሚ በማዕከላዊው መንግሥት ላይ ሲነሡ፣ አገር የጠበቀ ሕዝብና መንግሥት አንዱ ለሌላው ምን ዕዳ አለበት የሚለው ጥያቄ ከበላይ ስቅላት ከሃያ ዓመት በኋላም ሳይመለስ መቆየቱን አሳይቷል።