የኬቤክ ጳጳስ ቅዱስ ፍራንስዋ ደ ላቫል

በጉለሌ ምእመናንን በየቤታቸው ስንጎበኝ አረቄ ያናጋውን ትዳርና በዚሁ ምክንያት ከትምህርት የቀረውን ልጅ እናያለን። ሻጮቹን ስንጠይቅ ግን ሕግ እንዳልከለከላቸው ይነግሩናል። ስለዚህ ይህንኑ መልስ ከሦስት መቶ ዓመታት በፊት ሰምተው ያልተቀበሉትን አባት ሕይወት ልንተርክ ወደድን። ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ፍራንስዋ ደ ላቫል በ1623 በፈረንሳይ አገር ከመኳንንት ወገን ተወለዱ። በ1647 ክህነትን፥ በ1658 ጵጵስናን ተቀብለው በ1659 ኬቤክ ገቡ። ኬቤክ በዛሬይቱ ካናዳ የምትገኝ፥ ያን ጊዜ ጥቂት ፈረንሳውያን የሰፈሩባት ከተማ ነበረች። ኑሮዋም በእንስሳት ጸጉራም ቆዳ ንግድ፥ ይልቁንም ቢቨር በሚባል የወንዝ እንስሳ ቆዳ ላይ የቆመ ነበር። ቆዳውን የሚያመጡት የአገሩ ተወላጆች ሲሆኑ፥ ነጋዴዎቹ ብራንዲ የተባለውን ብርቱ መጠጥ በለውጡ ያቀርቡላቸው ነበር። በዚህም ብዙ ቤተሰብ ፈረሰ፤ ደምም ፈሰሰ። ሕጉ ይህን ሽያጭ ቢከለክልም ትርፍ የሚሹት አልታዘዙም።

ላቫል በ1660 ሻጮቹን ከቤተ ክርስቲያን ኅብረት ለዩ። በ1661 ደግሞ በአገረ ገዢው ዳቮጉር ዘመን ሁለት ሰዎች በዚሁ ጥፋት በጥይት ተገደሉ። ከዚያ በኋላ አንዲት ሴት ሸጣ ብትታሰር አንድ ኢየሱሳዊ ካህን ምሕረት ለመኑላት። አገረ ገዢው ተቆጥቶ፥ እርሷ ካልተቀጣች ማንም እንዳይቀጣ ወሰነ፤ ሽያጩም ያለ ከልካይ ተስፋፋ።

ላቫል በ1662 ባሕር ተሻግረው ለንጉሡ ለሉዊ 14ኛ አቤት አሉ። በ1663 አገረ ገዢው ተሻረ፤ ጳጳሱ አባል የሆኑበት የበላይ ሸንጎም ተቋቁሞ ሽያጩን እንደገና ከለከለ። በዚያው ዓመት የኬቤክን ዘርዐ ክህነት መሠረቱ። ነገር ግን በ1668 ሸንጎው ንግዱ እንዳይጎዳ ሲል ፈቀደ። ላቫልም በማግስቱ ዓመት ድርጊቱን ፍትሐቱ ለጳጳሱ ብቻ ከተጠበቁት ኃጢአቶች ጋር ቆጠሩት። የምድር ሕግ ቢፈቅድም ሌላውን በማጥፋት የሚገኝ ትርፍ በእግዚአብሔር ፊት ንጹሕ እንደማይሆን ያምኑ ነበርና። በ1678 ስለ ጉዳዩ ከተጠየቁት 20 ታላላቅ ሰፋሪዎች አብዛኞቹ ሽያጩን ደገፉ። ንጉሡ በ1679 መጠጡ ወደ ተወላጆቹ መንደሮች እንዳይወሰድ አዘዘ፤ በፈረንሳውያን መኖሪያ ግን ሽያጩን አልከለከለም። የላቫል ልመና የተፈጸመው በከፊል ብቻ ነበር።

በ1688 ከመንበራቸው ወርደው በ1708 ዐረፉ። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ በ2014 ቅድስናቸውን አወጁ።

ውድ አንባብያን፥ በመካከላችን አረቄ ከሚያወጡት ብዙዎቹ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉበት ሌላ ገቢ የሌላቸው እናቶች ናቸው። እነርሱን ማውገዝ ቀላል ነው። ሌላ እንጀራ እንዲያገኙ ሳንረዳ ብናወግዛቸው ግን ሸክሙን በእነርሱ ላይ ብቻ መጫናችን ነው። ስለዚህ ካቴኪስቶች ሕሊናን ሲያስተምሩ፥ ሰበካዎችም ለእነዚህ እናቶች ሥራ የሚገኝበትን መንገድ እንዲፈልጉ አደራ እንላለን።