እህል ፈጪው ተማሪ

ከደሴ ከተማ በስተ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ በሐይቅ ባሕር ዳር፣ የእስጢፋኖስ ገዳም አለ። አባ ጊዮርጊስ ዘጋሥጫ በልጅነቱ ይማር ዘንድ ወደዚህ ገዳም ገባ። ነገር ግን ገድሉ እንደሚናገር 7 ዓመት ቢያስተምሩት ትምህርቱ አልገባው አለ። መምህራኑም ተስፋ ቆርጠው ወደ አባቱ ሰደዱት። አባቱ ግን ለእግዚአብሔር የሰጠውን ልጅ መልሶ መቀበል አልወደደም፤ ባይማር እንኳ በጉልበቱ ያገለግል ዘንድ ወደ ገዳሙ መለሰው።

ስለዚህ ልጁ ለመነኮሳቱ እህል ይፈጭ ጀመር። በመጁ ላይ ጐንበስ ብሎ ላየው ሰው ድንቊርናው ብቻ ይታየው ነበር፤ እግዚአብሔር ግን ሌላ ነገር ያይ ነበር። ልጁ ቀን እየፈጨ ሌሊት እያለቀሰ ይጸልይ ነበርና ከብዙ ዘመን በኋላ ልቡናው ተከፈተለት። መጽሐፈ ምሥጢርንና ሰዓታትን የደረሰ እርሱ ነው። ሐምሌ 7 ቀን 1417 ዓ.ም. ዐረፈ። ሰዓታቱ ዛሬም በሌሊት በቤተ ክርስቲያን ይቆማል።